ለአንቀልባ የምትመች አሻንጉሊት

ከሽቱትጋርት ወደ ኡልም በአሮጌው መስመር የሚጓዘው ቀርፋፋ ባቡር ጋይስሊንገን ላይ ዳገት ይገጥመዋል። ሸለቆው ይጠብባል፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ገደል በዛፎች መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ከዚያ ባቡሩ አምባው ላይ ሲወጣ አገሩ ገላጣ ይሆናል። ይህ የጀርመን ደጋ የሽቫብ አልብ ይባላል። ሣሩ በበግ እስከ ሥሩ ተግጧል፤ በተጋጠው ሜዳ ላይ እዚህ አንድ እዚያ አንድ ጥድ ቆሟል። ጥድ እኔ በማውቀው የደብር ዛፍ ነው፤ ረጅም፣ ያረጀ፣ መጥረቢያ የማይደፍረው። የእነሱ ጥድ ግን ከሰው ቁመት ብዙም አይዘልም፤ ያለ ደብር ያለ አጥር ብቻውን ተገትሯል። ምክንያቱን የሰማሁት በኋላ ነው። ቅጠሉ ስለሚዋጋ በጎቹ አይነኩትም፤ ሌላውን ቡቃያ እየነጩ ሲጨርሱ እሱ ይቀራል። በጎቹ ቢጠፉ ጫካው ተመልሶ ሜዳውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ እረኞቹ መንጋቸውን ይዘው እዚያው እንዲቆዩ መንግሥት ገንዘብ ይከፍላቸዋል። ፍየልና ከብት ተራራውን አራቆተው ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ ለመጋጡ ደመወዝ የሚቆረጥለት መንጋ ማየት ፈገግ ያሰኛል።

እናቴ የተወለደችው መንዝ ነው። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ። ከዚያ ጠጉር በርኖስና ባና ይሠራል፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። አያቴ እንግዳ ቢመጣ እንኳ እንዝርቷን ከእጇ አታወጣም ነበር። ጠጉሩ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ክር ሳይሆን ልብስ የሚሆን ጠጉር ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

የሄድኩት ሽቱትጋርት የምትኖረውን እህቴን ልጠይቅ ነው። ልጇ እዚያው ተወልዳ እዚያው አድጋለች፤ ስትጫወት በአማርኛ ነው፣ ስትናደድ በጀርመንኛ። ከእኔ የፈለገችውን ስጠይቃት ሳታመነታ ነገረችኝ፤ እጅና እግሯ የሚንቀሳቀስ፣ መልኳ የእሷን የሚመስል፣ ከፕላስቲክ ያልተሠራች አሻንጉሊት። የመጨረሻው ቅድመ ሁኔታ የመጣው ከመዋዕለ ሕፃናቷ ነው። ሽቱትጋርት የቫልዶርፍ ትምህርት ቤቶች የተወለዱባት ከተማ ናት፤ የመጀመሪያው በ1919 እ.ኤ.አ. ለአንድ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ነው የተከፈተው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አሻንጉሊት ከጨርቅ ይሰፋል፣ በበግ ጠጉር ይሞላል፣ ፊቱ ላይ ሁለት ነጠብጣብ ዓይንና ትንሽ አፍ ብቻ ይደረግለታል። ሳቁንም ልቅሶውንም ልጁ ራሱ ይጨምርበት ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ከግድግዳ ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው በሚያዩ ቅዱሳን መሃል ያደግሁ ነኝ። በእኛ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ በአንድ ዓይን በጎን የሚታየው ኃጢአተኛው ነው። ያ ባዶ ፊት መጀመሪያ ሳየው አላማረኝም፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ ተስማምቶኛል አልልም።

እህቴ ከምትኖርበት ሰፈር ትንሽ ወጣ ብሎ ኮርንታል የሚባል ጸጥተኛ ከተማ አለ። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1881 የሞተው እዚያ ነው። ቱቢንገን አጠገብ በምትገኝ መንደር በ1810 ተወልዶ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ሸዋ ደርሶ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርና አንጎለላ የኖረው ሚሲዮናዊ ማለት ነው። ስለ ሃይማኖቱና ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ከዚህ የበግ ደጋ አጠገብ የተነሣ ሰው የደረሰው ከሌላ የበግ ደጋ ላይ ነው። ለብርዱም፣ ለጉሙም፣ ለጥዱም አዲስ አልነበረም። እኔ በተቃራኒው መንገድ መጥቼ ያንኑ ዓይነት ነፋስ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ።

ኡልም ላይ ሰው ሁሉ ወደ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ እኔ ያመራሁት አንድ ትንሽ ምስል ወዳለበት ሙዚየም ነበር። አንበሳ ሰው ይሉታል። ከማሞዝ ጥርስ የተቀረጸ፣ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ራሱ የአንበሳ ገላው የሰው የሆነ ምስል ነው፤ ዕድሜው ወደ 40 ሺሕ ዓመት ይገመታል። የተገኘው በሎኔ ሸለቆ ካለ ዋሻ፣ ነሐሴ 1939፣ ጦርነቱ ሊፈነዳ ቀናት ሲቀሩት ነው። ቁፋሮው ተቋረጠ፤ ስብርባሪው በሳጥን ታሽጎ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ። በ1969 አንድ ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ቁርጥራጮቹን ሲገጣጥም አንበሳው ብቅ አለ። በሞዓ አንበሳ ማኅተም ሥር ለኖረ ሕዝብ ልጅ፣ አንበሳ ሰው ሆኖ ቢቆም አያስደነግጥም ብዬ ቀለድኩ፤ አጠገቤ የነበረው አስጎብኚ ግን ቀልዱ አልገባውም።

አንበሳው ሰው አሻንጉሊት አይደለም። ክንዶቹ ከጎኑ ተጣብቀዋል፣ በግራ ክንዱ ላይ ሰባት ጭረት አለ፣ እግሮቹ ትንሽ ተራርቀው ቆመዋል። በድንጋይ መሣሪያ እንደገና ለመቅረጽ የሞከረ ባለሙያ ከ300 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ገላው ላይ ያለው ልስላሴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር እንደነበር ያመለክታል ይላሉ አጥኚዎቹ። ስለዚህ ይዳሰስ ነበር፤ ግን ሊያዝዙት አይችሉም። እጁን አንሣ ቢሉት አያነሣም። በመስታወቱ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ይህን ነው፤ ለአምልኮ የሚሆን ምስል እንቢ ይላል፣ አሻንጉሊት እሺ ይላል፤ እሺ የሚያሰኘው መጋጠሚያው ነው። ይህን ሐሳቤን በጣም ወድጄው ነበር የወጣሁት።

ከዚያ ዋሻ ብዙ ሳይርቅ ጊንገን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ማርጋሬተ ሽታይፍ የተወለደችው እዚህ ነው፣ በ1847። ዓመት ተመንፈቅ ሲሆናት የልጅነት ልምሻ ያዛት፤ ሁለት እግሮቿ ሽባ ሆኑ፣ ቀኝ እጇም እንደልብ አይታዘዝላትም ነበር። ልብስ ስፌት ተማረች። የስፌት መኪናው መዘውር በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ መኪናውን አዙራ በግራ እጇ ታሽከረክረው ጀመር። በከተማዋ የሄንሌ ቤተሰብ የፌልት ፋብሪካ ነበረው፤ ፌልት ማለት ሳይፈተልና ሳይሸመን በውሃ፣ በሙቀትና በግፊት ብቻ ተጠቅጥቆ ጨርቅ የሆነ የበግ ጠጉር ነው። ማርጋሬተ ከዚያ ፌልት ጉርድና ካፖርት እየሰፋች ትሸጥ ነበር። በአንድ የፋሽን መጽሔት የወጣ ንድፍ አይታ ትንሽ የዝሆን ቅርጽ ሠራች፤ ለመርፌ መሰኪያ ታስቦ ነው። ልጆች ወሰዱት። በ1886 የተሸጠው ዝሆን ከ5 ሺሕ አልፎ ነበር።

የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ ሽታይፍ በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ነደፈ። ስሙ አምሳ አምስት ፒ ቢ ነው፤ ቁጥሩ ቁመቱን በሳንቲ ሜትር፣ ሁለቱ ፊደላት የጨርቁን ዓይነትና ተንቀሳቃሽነቱን ይናገራሉ። ቴዲ የሚለው የቤት ስም ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት የመጣ፣ የጀርመን ፋብሪካ ያላሰበው ነው። በ1903 ላይፕዚግ ላይ በተደረገ የአሻንጉሊት ገበያ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ 3 ሺሕ ድብ አዘዘ። ከእነዚያ ድቦች ዛሬ አንድ እንኳ የት እንዳለ አይታወቅም። እጅና እግሩ የሚያያዘው በጠንካራ ክር ነበር፤ ክሩ ከአንዱ ትከሻ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ክር ይላላል፣ ይበጠሳል። ስለዚህ በክሩ ፋንታ የብረት ዘንግ ሞከሩ፤ ከ1905 ጀምሮ ደግሞ ከደረቅ ካርቶን የተቆረጡ ክብ ክቦች መሃል ለመሃል በሽቦ ተያይዘው እርስ በርስ የሚዞሩበት መጋጠሚያ መጣ። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። በ1907 ከጊንገን የወጣው ድብ 974 ሺሕ ደረሰ፤ 400 ሠራተኞች በፋብሪካው ውስጥ፣ 1 ሺሕ 800 ደግሞ በየቤታቸው ይሰፉ ነበር።

በ1903 የተሠራው የፋብሪካው ሕንፃ ዛሬም አለ፤ ሁለመናው ብረትና መስታወት ነው። ለስፌት ብርሃን እንዲበቃ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ የከተማው ሰው ግን ውስጡ የሚታዩትን ሴቶች አይቶ የደናግል የዓሣ ገንዳ ብሎ ሰየመው። ብዙ ቆሜ አየሁት፤ የእኛ አገር ባለእጆች ትዝ አሉኝ። ያ የድብ ዓመት፣ 1907፣ ካለፈ ገና ወራት ሳይቆጠሩ፣ በእኛ 1900 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጡ። አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ይቅር ነው ያሉት። አዋጁ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው፤ ስድቡ ደግሞ አዋጁን ተሻግሮ ኖሯል። የማርጋሬተን ታሪክ ሰው ሁሉ የአካል ጉዳትን ስለማሸነፍ አድርጎ ይተርከዋል፣ ሙዚየሙም እንዲያው። እኔ ቅናት የያዘኝ በሌላው ነው። መርፌ ይዛ የተቀመጠችን ሴት ቡዳ ናት ያላት ጎረቤት በታሪኩ ውስጥ የለም።

አሻንጉሊቷን የሠራሁት ከዚያ ወዲያ አልቡ ላይ ባለች መንደር፣ በአንዲት አሮጊት ቤት ነው። ሴትዮዋ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎተራቸውን የፌልት ማስተማሪያ አድርገውታል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ አንድ ፖስታ ካርድ አለ፤ ከአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ ከሚባል ስፍራ፣ በበረዶ ታሽጎ ከቆየ መቃብር የወጣ ከፌልት የተሠራ ስዋን። ከ2 ሺሕ 200 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንገቱ አሁንም ቀጥ ብሏል። «ሥራዬን አይቶ ሲስቅብኝ የሚውለው እሱ ነው» አሉኝ።

ጠጉር ለምን እንደሚጣበቅ ያስረዱኝ አንዲት ዘለላ በሁለት ጣት ይዘው ነው። ከሥር ወደ ጫፍ ሲዳሰስ ይሸሻል፣ ከጫፍ ወደ ሥር ሲዳሰስ ይይዛል። እያንዳንዱ ጠጉር ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲረጥብ ቅርፊቱ ይነሣል፤ ሲታሽ ጠጉሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየተሳበ ከጎረቤቱ ጋር ይቆላለፋል። ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ፈትል ሊፈታ ይችላል፣ ሽመና ሊተረተር ይችላል፤ ፌልት ግን ከተያዘ ተያዘ። መርፌውም የሚሠራው በዚሁ ጠባይ ነው። ሦስት ጠርዝ ያለው፣ በጠርዙ ላይ ወደ ታች የተቆረጡ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት ረጅም መርፌ ነው፤ ሲወጋ ጠጉሩን ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ጥሎት ይወጣል። በፋብሪካ በሺዎች ተደርድሮ ምንጣፍ የሚሠራበትን ይህን መርፌ አንድ በአንድ በእጅ ይዞ ቅርጽ ማውጣት የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ ነው። ያን ያህል አዲስ ነገር ነው፤ እኔ ጥንታዊ ጥበብ እማራለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት።

የጠጉሩ ምርጫ አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደብን። በ1786 የቩርተምበርግ መስፍን ከስፔንና ከደቡብ ፈረንሳይ የሜሪኖ በጎች አስመጥቶ ነበር፤ ዛሬ አልቡ ላይ የሚግጠው መንጋ በብዛት የእነሱ ዝርያ ነው። ለስላሳ ነው፣ ለሹራብ ያምራል፤ ለመርፌ ግን ሰነፍ ነው፣ ቶሎ አይጠብቅም። ለገላው የሚፈለገው ሻካራ የተራራ በግ ጠጉር ነው። የመንዙ ጠጉር በዓይኔ መጣ፤ ቆዳ ይበላል ብለን የምንሸሸው ያ ሻካራነት እዚህ ማዕረግ ሊያገኝ ነው። ለገላዋ መልክ ሴትዮዋ ቀለም ውስጥ መንከር አልፈለጉም። ከባቫሪያና ከቲሮል ተራሮች ከሚመጣ ቡናማ በግ ሁለት ዓይነት ጠጉር አወጡ፣ አንዱ የጠቆረ አንዱ የቀላ፣ በሁለት የብረት ጥርስ ማበጠሪያ አንድ ላይ አበጠሩት፤ ከእህቴ ልጅ ፎቶ ጋር እያስተያዩ፣ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ። ያገኙት መልክ እውነተኛ ጠይም ነበር። በጎቹን ሸልተው ጠጉሩን የሚሸጡ ጎረቤቶቻቸው ከሽያጩ የሚያገኙት የሸላቹን ዋጋ እንኳ እንደማይሸፍን የነገሩኝም እዚያው ላይ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር የለውም። ጠጉሩን ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ስፖንጅ ላይ አስቀምጦ መውጋት፣ እያዞሩ መውጋት። መጀመሪያ በወፍራሙ መርፌ፣ ቅርጹ ሲይዝ በቀጭኑ። ክንድ ለብቻ፣ እግር ለብቻ፣ ራስ ለብቻ ይሠራል። ጭኑ ሲጫኑት እንቢ ማለት አለበት፤ ወደ ውስጥ ከገባ ገና ነው። ከዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ላዩ ይታሻል፣ ይደርቃል። መርፌው ጣት ይወጋል፤ ሴትዮዋ ለዚህ ሲሉ ግራ እጃቸው ላይ የቆዳ ጣት ያጠልቃሉ፣ እኔ ግን ከደማሁ በኋላ ነው የጠየቅኋቸው።

ፍልሰታ ስለነበር ምሳ ጉዳይ ሆነ። የአካባቢው ምግብ ምስር ከእንቁላል ሊጥ ጋር፣ በላዩ ቋሊማ ነው። እኔ ምስሩን ብቻ አልኩ። ሳይከካ፣ ድፍኑን፣ ኮምጣጤ ጨምረው አቀረቡልኝ፤ በርበሬ የሌለው ምስር ሐዘን ቤት ይመስለኛል፣ ይኼኛው ግን የራሱ ጣዕም ነበረው። የአልቡ ምስር አንድ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ገበሬዎቹ መዝራቱን ተዉት፣ ዘሩም አለቀ፤ በ2006 ግን ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው በቫቪሎቭ ተቋም የዘር ክምችት ውስጥ ተገኘና ተመለሰ። ቫቪሎቭ ራሱ በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ስንዴና ገብስ የሰበሰበ ሰው ነው ብላቸው፣ ሴትዮዋ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ጾም ወሬ ተነሣ። እዚያ አገር በዐቢይ ጾም መነኮሳት ሥጋውን ፈጭተው በሊጥ ጠቅልለው ይበሉ ነበር ይባላል፣ እግዚአብሔር እንዳያየው። ምግቡ ዛሬም እግዜርን ማታለያ የሚል ቅጽል አለው። የእኛ መነኮሳት ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን አልኩ በልቤ። የእረኞች ሩጫ ወሬም ያመጡልኝ በዚሁ ገበታ ላይ ነው፤ ማርክግሮኒንገን በምትባል ከተማ በየነሐሴው እረኞች በባዶ እግራቸው በታጨደ የእህል ማሳ ላይ ይሽቀዳደማሉ። በባዶ እግር መሮጥን ስለ እኛ የሚወራ ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ከምሳ በኋላ መጋጠሚያው መጣ። ሴትዮዋ የሚጠቀሙበት የድቡን ነው፤ ደረቅ ክብ ካርቶን፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። አንዱ ክብ በጭኑ ውስጥ ይቀበራል፣ ብሎኑ ብቻ ወጥቶ ይቀራል፤ ሌላው ክብ በገላዋ ውስጥ ይገባል፣ ዳዶው ይጠብቃል። ለዚህ ሲባል ጀርባዋ ሳይዘጋ ይቆያል። ጋራዥ የገባሁ ያህል ስለተሰማኝ ደስ አለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ የማላውቃቸውን ስሞች ስሰማ ውዬ አሁን የማውቀው መሣሪያ ደረሰ። ዳዶው ከበዛበት ክንዷ ሲዞር ሲጢጥ ይላል፤ ካነሰው ይንጠለጠላል። ልኩን ካገኙ ግን ያነሡት ቦታ ላይ ይቆማል። አካሏን ያለ ልክ ጠቅጥቀን ከጨረስን በኋላ አምስት ቦታ ላይ እንዲላላ መለመን ነበር ሥራችን። ጀርባዋ ተሞላ፣ ተወጋ፣ ተዘጋ። ጠጉሯን ከስዊድን ጎትላንድ ደሴት በጎች ጥቅልል አደረግንላት። ስለ ፊቷ ተከራክረን ዓይኗ ትንሽ ተለቀቀ፤ አፏ ግን የሴትዮዋ ምርጫ ሆኖ ቀረ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጥናት። ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ።

እህቴ ቤት ግድግዳው ላይ አንድ አንቀልባ ተሰቅሏል፤ ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። ልጅቷ ያደገችው በእሱ ታዝላ ነው፤ አሁን ጌጥ ሆኗል። አሻንጉሊቷን ተቀበለችኝ፣ አቀፈቻት፣ አፍንጫዋን ጠጉሯ ውስጥ ቀበረች፣ ከዚያ ወዲያው ወንበር አስጠግታ አንቀልባውን አወረደች። እኔና እናቷ እያወራን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከኮሪደሩ ድምፅ መጣ።

«አክስቴ፣ አትታዘልም እኮ!»

ሄጄ አየሁ። የብሎኑ መጋጠሚያ እግሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያዞረው። መቀመጥ ትችላለች፣ መራመድ ትችላለች፣ ወገብ ማቀፍ ግን አትችልም። የሚታዘል ልጅ እግሩ ወደ ጎን ይከፈታል፤ የእሷ ጭኖች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ከአንቀልባው ሾልከው ይወጣሉ። በገጠር ልጃገረዶች ከጨርቅና ከእንጨት የሚጠቀልሏት አሻንጉሊት መጋጠሚያ የላትም፤ ግን ጨርቅ ስለሆነች ጀርባ ላይ ትለምዳለች። እኔ ያቺን አሻንጉሊት ሁልጊዜ የማየው የድኅነት ነገር አድርጌ ነው፤ ገንዘብ ቢኖር ኖሮ የምትቀየር። እጅ እግሯ የሚዞረውን የተሻለች እላት ነበር። አሁን ሳየው ግን የጊንገን ፋብሪካ መቶ ዓመት ሙሉ ያሻሻለው መጋጠሚያ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፤ ልጅ ማለት ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ገበታ የሚቀርብ፣ አልጋው ላይ ብቻውን የሚተኛ ነው። ክብ ካርቶኑ ውስጥ የተቆረጠ የልጅ አስተዳደግ አለ። ኡልም ላይ ስለ አሻንጉሊት እሺታ ያሰብኩትም ይህን አልጨመረም፤ መጋጠሚያው እሺ የሚለው ለተሠራበት ትእዛዝ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ ዘንድ በቪዲዮ ደወልን። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ «ለምን አቅፋት አትይዛትም?» አሉ። እህቴ ማስረዳቱ ሲያቅታት ልጇን ራሷን አነሣችና ጀርባዋ ላይ አዘለቻት፣ አንቀልባውን አሰረች፣ ወደ ካሜራው ዞረች። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ ላይ አንገቷን አስግጋ በጀርመንኛ ማስተማር ጀመረች፤ እግሬ እንዲህ ነው፣ ሆዴ እንዲህ ይነካል፣ እጄ እዚህ ጋ ይገባል። ለዚያ ግን ቁመቷ ትንሽ በዝቶ ስለነበር እህቴ እያቃሰተች ነው የቆመችው። ወዲያ ማዶ ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው እርሳስ ይፈልጉ ነበር።

«አትነቃነቁ፣ ልሳለው» አሉ።

ሥለው ሲጨርሱ መፍትሔው አጭር ነበር። ብሎኑ ይውጣ፤ በፋንታው በሰም የታሸ ወፍራም ክር ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ይለፍ፣ ሪቻርድ ሽታይፍ በ1902 እንዳደረገው። ክር እንደ ብሎን አቅጣጫ አይመርጥም፤ ወደ ጎንም ይሰጣል። ፌልት ሊፈታ ባይችልም ሊቀደድ ይችላል፤ በላዩ አዲስ ጠጉር ሲወጋበት ስፌት እንኳ አይታይም። ስለዚህ ጀርባዋ በምላጭ ይከፈት ተባለ። እዚህ ላይ ከሕመምተኛዋ ቤተሰብ ተቃውሞ ቀረበ። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ደብቃ፣ ያለ ማደንዘዣ አይቆረጥም አለች። እናቷ የሆስፒታል ሠራተኛ ናት፤ በሻይ ማንኪያ ውሃ ተሰጠ፣ ተቆጥሮ እንቅልፍ ተወሰደ፣ ቀዶ ጥገናው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተካሄደ። ወስፌ የሚያህለውን መርፌ በዳሌዋ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ ክሩን ያጠበቀችው እህቴ፤ ምን ያህል ይላላ የሚለውን የወሰነችው ልጅቷ ናት፣ እናም ከእኛ ግምት በጣም የላላ እንዲሆን ፈለገች።

አሁን ትታዘላለች። ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ግን እንደ ድሮዋ ቀጥ ብላ አትቀመጥም፣ ወደ ጎን ትወድቃለች። ክሩ ስለሚላላ እህቴ በየጊዜው ትቋጥረዋለች። ከአልቡ ሴትዮ ደግሞ መልእክት መጥቶልኛል፤ ለጎረቤታቸው የልጅ ልጅ ሌላ አሻንጉሊት ጀምረዋል፣ በክር፤ የአንቀልባውን ስፋት በሳንቲ ሜትር ለክቼ እንድልክላቸው፣ ዛጎሉ ደግሞ በየት በየት በኩል እንደሚሰፋ በደንብ የሚታይ ፎቶ እንድጨምር ይጠይቃሉ።